ከአያቴ ሳጥን የወጣው ሜዳይ

ጥያቄ፦ ሴት አያቴ ካረፉ በኋላ ሳጥናቸው ውስጥ በነጠላ የተጠቀለለ ሜዳይ አገኘን። ጥብጣቡ ሰማያዊና ነጭ ነው፤ ከላይ «ኮሪያ» ይላል። ስም የለበትም። ወንድ አያቴ በወታደር ልብስ ከጓደኞቻቸው ጋር የተነሡት ፎቶም አብሮት አለ። ክቡር ዘበኛ እንደነበሩ እናውቃለን፤ ኮሪያ ዘምተዋል ያለን ግን የለም። ከየት ልጀምር? (ሰ. ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እንኳንም አልጣላችሁት! ይህ የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ነው። የጥብጣቡን መስመሮች ቢቆጥሯቸው 17 ይሆናሉ። ሜዳዩ ለየአገሩ ዘማች በየቋንቋው ነው የተሠራው፤ የአማርኛው ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ ነው። ቃኘው ደግሞ ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣ ጦር ነበር። ነገሩ ገጥሟል።

የቀረው የትኛው ቃኘው የሚለው ነው። የመጀመሪያው በ1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሣ። ሁለተኛው በ1944፣ ሦስተኛው በ1945 ተተካኩ። ይህን ከሜዳዩ አያገኙትም። ፎቶውን ያገላብጡት፤ ጀርባው ላይ ቀን፣ ማኅተም ወይም ፊርማ አይጠፋም። ካርቶን ላይ ተለጥፎ ከሆነ ግን አይላጡት።

ዝምታቸው አይግረምዎት። ደርግ የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ነበር። በዚያ ዘመን «ደቡብ ኮሪያ ዘምቻለሁ» ማለት ያስፈራ ነበር፤ ስንቱ ሜዳዩን ደበቀ። የእኔ አጎት የእሳቸውን ጤፍ ጎተራ ውስጥ ቀብረው ነው ያቆዩት። ልጆቻቸው ያዩት ከ1983 በኋላ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ሰው ነው። በሕይወት ያሉት ዘማቾች ዕድሜያቸው ከ90 ዘሏል፤ ስለዚህ ነገ ዛሬ አይበሉ። አዲስ አበባ የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር አለ። ሲሄዱ «አያቴ ከበደ ይባላሉ» ብቻ ብለው አይቅረቡ፤ በክቡር ዘበኛ ስንት ከበደ ነበረ! ስማቸውን እስከ አያታቸው፣ ማዕረጋቸውን፣ የትውልድ ቀበሌያቸውን፣ ጓደኞቻቸው ይጠሯቸው የነበረውን ቅጽል ስም ሳይቀር ይያዙ። ብዙ ጊዜ ሽማግሌዎቹን የሚያስታውሳቸው ቅጽል ስሙ ነው። ፎቶው ላይ አብረው የቆሙትንም አንድ በአንድ ያስለዩ። የአንዱ ስም ከታወቀ የእሱ ቤተሰብ ጋ ሌላ ፎቶ ወይም ደብዳቤ ይኖራል።

ሜዳዩን በሎሚና በአመድ እንዳያሹት፤ ጽሑፉ ይበላል። ፎቶውን በስልክ አንሥተው ያሳዩ እንጂ ዋናውን ለማንም አይስጡ።