የሳይኮሎጂ ጎራዎች ለተምታቱባት እህታችን

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። ፍሬሽማን ነኝ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ እየወሰድኩ ነው፣ ጎራዎቹን (አእምሮን በተለያየ መንገድ የሚያዩትን የሳይኮሎጂ አስተሳሰቦች) ብሸመድዳቸውም ይምታቱብኛል፣ የምርምር ዘዴ የሚለው ደግሞ ከነሱ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም ብለሻል። የትኛው ጎራ ትክክል እንደሆነም ጠይቀሻል።

እኔ ትምህርቱን ተምሬ ጨርሻለሁ። ከዚያ በኋላ በምርምር ፕሮጀክቶች ላይ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ፍሬሽማኖችንም አስጠናለሁ። ብዙዎቹ የሚቸገሩት እዚሁ አንቺ የቆምሽበት ቦታ ላይ ነው። በኔ እምነት ምክንያቱ ሁለቱን ርዕሶች ለየብቻ ማንበባቸው ነው። የጎራዎቹ ጠብ እኮ በአብዛኛው የዘዴ ጠብ ነው። የሰውን አእምሮ በምን መንገድ ልናውቀው እንችላለን? የተጣሉት በዚህ ነው። ስለዚህ አንዱን ጎራ ስታነቢ መጀመሪያ ይህን ጠይቂ፦ እነዚህ ሰዎች ማንን አጠኑ? እንዴትስ አጠኑት?

ስለ ነፍስና ስለ ሐሳብ ፈላስፎች ከጥንት ጀምሮ ጽፈዋል። የኮርሱ ሞጁል 1879ን (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) መነሻ የሚያደርገው በዚያ ዓመት ዊልሄልም ቩንት ጀርመን፣ ላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሳይኮሎጂ ቤተ ሙከራ ስላቋቋመ ነው። እዚያ አንድ ሰው ይቀመጣል። ድምፅ ይሰማል ወይም መብራት ያያል። ምላሽ እስኪሰጥ የፈጀበት ጊዜ ይለካል፤ ውስጡ የተሰማውንም ይናገራል። ይሄ የራስን ስሜት መርምሮ መናገር ኢንትሮስፔክሽን ይባላል። ተማሪው ኤድዋርድ ቲችነር አሜሪካ ወስዶ ስትራክቸራሊዝምን፣ አእምሮ ከምን ከምን እንደተሠራ የሚጠይቀውን ጎራ፣ የገነባው በዚህ ላይ ነው። ዊልያም ጄምስ ደግሞ አእምሮ ከምን ተሠራ ከማለት ይልቅ ለኑሮ ምን ይጠቅማል ብሎ ጠየቀ። ፈንክሽናሊዝም ማለት ይኸው ነው።

ኢንትሮስፔክሽን የት ላይ እንደሚሰናከል አስቢው። እኔ ይህን ቀለም ሳይ እንዲህ ተሰማኝ ብል፣ አንቺ ደግሞ እኔ አልተሰማኝም ብትይ፣ ማን ይዳኘናል? ጆን ዋትሰን በ1913 የተነሳው ይህን ይዞ ነው። ሌላ ሰው አይቶ ሊያረጋግጠው የማይችል ነገር ሳይንስ አይሆንም፤ የሚታየውን ባህሪ ብቻ እናጥና አለ። ቢሄቪየሪዝም እዚህ ተወለደ። ምግብ እንደሚመጣ የሚያመለክት ድምፅ ሲሰሙ ምራቃቸው መፍሰስ የለመደውን የፓቭሎቭን ውሾች የምታገኚያቸውም እዚህ ነው፤ ፓቭሎቭ ራሱ ግን የፊዚዮሎጂ ሰው ነበር፣ በ1904 ኖቤል የተሸለመውም በምግብ መፈጨት ጥናቱ ነው።

የዋትሰን የ1920 ሙከራ ላይ ትንሽ ቆዪ። አልበርት የተባለ የ11 ወር ገደማ ሕፃን ነጭ አይጥ ሲያይ አይፈራም ነበር። ዋትሰንና ረዳቱ ሮዛሊ ሬይነር አይጡን እያሳዩት ከኋላው ብረት በመዶሻ መቱ። ይህ ሲደጋገም ሕፃኑ አይጡን ገና ሲያየው ማልቀስ ጀመረ፤ ጥንቸልና የፀጉር ካፖርትም አስፈሩት። ፍርሃቱን ሳያጠፉለት ይኖርበት ከነበረው ሆስፒታል ወጣ። ይህን ለተማሪ ባስረዳሁ ቁጥር ያመኛል። ስለ ምርምር ሥነ ምግባር የሚያወራውን ገጽ ለፈተና አይመጣም ብለሽ አትዝለይው።

የሳይኮአናሊሲስ ጎራ መሥራች ሲግመንድ ፍሮይድ ቪየና ተቀምጦ ታካሚዎቹን ያዳምጥ ነበር። ዘዴው ኬዝ ስተዲ ነው፤ አንድን ሰው በጥልቀት ያሳያል፣ ከጥቂት ሰው ተነስቶ ስለ ሁሉም መናገር ግን ከባድ ነው። ጌስታልት የሚባለው ጎራ ሰዎች ደግሞ ቆመው የሚበሩ ሁለት መብራቶች በተራ ብልጭ ሲሉ አንድ የሚንቀሳቀስ ብርሃን እንደሚመስሉ አሳዩና ሙሉውን ሳትበታትኑ እዩት አሉ። ማስሎና ሮጀርስ ሰው የውሻና የአይጥ ሙከራ ብቻ አይገልጸውም፣ ፍላጎትና ምርጫ አለው ብለው ሂዩማኒስቲክ የሚባለውን ጎራ አመጡ።

ከ1950ዎቹ ጀምሮ የመጣው ኮግኒቲቭ ጎራ፣ ማሰብንና ማስታወስን የሚያጠናው፣ ወደ አእምሮ ተመለሰ። ግን የቢሄቪየሪስቶቹን ጥብቅነት ይዞ ነው የተመለሰው። በ1974 ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር ለተማሪዎች የመኪና አደጋ ፊልም አሳዩ። ከዚያ ስለ ፍጥነቱ ጠየቁ። ለአንዱ ቡድን መኪኖቹ «ሲጋጩ» ብለው፣ ለሌላው «ተላትመው ሲደቃቀቁ» በሚል ጠንካራ ቃል። ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት አይታችኋል ወይ ሲሏቸው፣ ጠንካራውን ቃል ከሰሙት 50 ተማሪዎች 16ቱ፣ ለስላሳውን ከሰሙት 50 ደግሞ 7ቱ አዎ አሉ። ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። ኤክስፐሪመንት ማለት ይሄ ነው። ተመራማሪው አንድ ነገር ብቻ ለወጠ፤ የተቀየረው ቃሉ ኢንዲፔንደንት ቫሪያብል፣ የተለካው መልስ ዲፔንደንት ቫሪያብል ነው።

ሰርቬይ ላይ፣ ማለትም ብዙ ሰው በመጠይቅ ሲጠየቅ፣ የአጠያየቁ ሁኔታ መልሱን ሲቀይረው በየቀኑ ያጋጥማል። መጠይቅ ይዤ ቤት ለቤት ስዞር፣ አማት አጠገቧ የተቀመጠች ሴት እንቅልፍ ያስቸግርሻል ወይ ስትባል «ተመስገን፣ ምንም የለብኝም» ትላለች። አማት ወጣ ሲሉ መልሱ ሌላ ይሆናል። ሰርቬይ ብዙ ሰው ለመድረስ የሚተካከለው የለም። ሰው የሚነግርሽ ግን ማን እየሰማው እንደሆነ አይቶ ነው። ሰርቬይ ለምን ድክመት አለው ተብለሽ ከተጠየቅሽ ይህቺን ሴት አስቢያት።

ኮሪሌሽን ላይ፣ ማለትም ሁለት ነገሮች አብረው ሲለዋወጡ በሚታይበት ዝምድና ላይ፣ ደግሞ ብዙ ነጥብ ይጣላል። እንበልና ጫት የሚቅሙ ተማሪዎች የበለጠ ተጨንቀው ተገኙ። ጫቱ አስጨነቃቸው? ወይስ ስለተጨነቁ ቃሙ? ወይስ ሁለቱንም ያመጣው የፈተና ሰሞን ነው? ቁጥሩ ብቻውን አይነግርሽም።

የትኛው ትክክል ነው ላልሽው፣ ዛሬ ራሱን የአንድ ጎራ ሰው አድርጎ የሚሠራ ተመራማሪ ብዙ አታገኚም። ዛሬ ክርክሩ ውጤቱ ሲደገም ይገኛል ወይ የሚለው ላይ ነው። በ2015 የወጣ ትልቅ ጥናት 100 የሳይኮሎጂ ጥናቶችን እንደገና ሞከረ። ከመጀመሪያዎቹ 97 በመቶው በስታትስቲክስ ጉልህ፣ ማለትም በአጋጣሚ ብቻ ነው ለማለት የሚከብድ፣ ውጤት አግኝተው ነበር፤ ሲደገሙ 36 በመቶው ብቻ አገኙ። እኔ ይሄንን እንደ ውድቀት አላየውም። የራሱን ሥራ ፈትሾ ውጤቱን በግልጽ ያወጣ ሙያ ነው።

ለፋይናል ደግሞ ታሪክ መሰል ጥያቄ ሲመጣልሽ የጎራውን ስም ለማስታወስ አትሩጪ። ተመራማሪው ሰዎቹን በዕጣ ከፍሏል? አንድ ነገር ለውጧል? ከሆነ ኤክስፐሪመንት ነው። የነበረውን ብቻ ለክቶ ካገናኘ ኮሪሌሽን ነው። ያልገባሽ ጥያቄ ካለ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ አብረን እንሠራዋለን።