የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ግልገሎች የተኙበትን ጉዝጓዝ መቀየር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ጥንቸሌ ከወለደች ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው፤ ሰባት ግልገሎች አሏት። ዝናቡ አላባራ ብሎ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ጭድ ረጥቧል፣ ሽታውም ይሰነፍጣል። ጎረቤቶቼ ግን «እጅህ ከነካቸው እናታቸው ትበላቸዋለች» ብለው አስፈራሩኝ። ልቀይረው ወይስ ልተወው? (ከሕርማታ፣ ጅማ)

መልስ፦ ዛሬውኑ ይቀይሩት፤ ሁሉንም ግን አይደለም። የጥንቸል ግልገል ራቁቱን ስለሚወለድ ሙቀቱን የሚያገኘው ከወንድሞቹና ከእህቶቹ፣ ከደረቅ ጭድና እናቱ ከሆዷ ነጭታ ከምታነጥፍለት ፀጉር ነው። ጭዱ ሲርስ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ ግልገል ደግሞ መጥባት ያቅተዋል። የሚሰነፍጠው ከሽንት የሚወጣው አሞኒያ ነው፤ የግልገሎቹንም የእናታቸውንም መተንፈሻ ይጎዳል።

የጎረቤቶችዎ ስጋት ከልክ ያለፈ ነው። እናት ልጆቿን የምትበላው አብዛኛውን ጊዜ ስትደነግጥ፣ በምጥ ሰዓት ውኃ ስታጣ፣ ምግብ ሲያንሳት ወይም የመጀመሪያ ወሊዷ ሲሆን ነው። የለመደችው ሰው እጅ አያስከፋትም። ሽቶ፣ ቅባት፣ ናፍጣ ወይም የሌላ እንስሳ ጠረን ያለበት እጅ ግን ይረብሻታል። ሽታ በሌለው ሳሙና ታጥበው ያድርቁ፤ ከዚያ እጅዎን በራሷ ድርቆሽ ያሹት።

ጠዋት ቅጠል ሰጥተው ወደ ሌላ ጥግ ያርቋት ወይም ለጊዜው ያውጧት። ጥንቸል ልጆቿን የምታጠባው በ24 ሰዓት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ ስለሆነ በዚህ መሀል የሚቀርባቸው ነገር የለም። በትንሽ ካርቶን ውስጥ ለብ ያለ ውኃ የያዘ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡ። በመጀመሪያ ከላይ ያለውን ደረቅ ፀጉር ሰብስበው ግማሹን ካርቶኑ ውስጥ ያንጥፉ፣ ግልገሎቹን አስተኝተው በቀረው ያልብሷቸው። ሲያነሷቸው ሆዳቸውን ይዩ፦ ክብና ልስልስ ከሆነ ጠብተዋል፤ ቆዳው ከተጨማደደ አልጠቡም። የሞተ ካለ ያውጡ።

ቀጥሎ የረጠበውን በሙሉ ያስወግዱ፤ ከደረቀው አሮጌ ጭድ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ግን ያስቀሩ። ጠራርጎ አውጥቶ ሁሉንም በአዲስ መተካት ንጽሕና ይመስላል፤ እናቲቱ ግን የራሷን ጠረን ታጣና ሳጥኑን እንግዳ ቤት ታደርገዋለች። ወለሉ ላይ የተጋገረውን ነጭ የሽንት ዝቃጭ እኩል ኮምጣጤና ውኃ በነከረ ጨርቅ ፍቀው ፈጽሞ ያድርቁት። በረኪና ሽንት ላይ በፍጹም አያፍስሱ፤ ከአሞኒያው ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ከሥር ጋዜጣ፣ በላዩ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ደረቅ የጤፍ ጭድ ወይም ድርቆሽ ያድርጉ። ያስቀሩትን አሮጌ ጭድ ከላይ በትነው በስተኋላ በኩል በጡጫዎ ጎድጎድ ያድርጉት። ፀጉሩን በጎድጓዳው ያንጥፉ፣ ግልገሎቹን አንድ ላይ ያስተኙ፣ በቀረው ፀጉር ይሸፍኗቸው። ፀጉሩ ካነሰ ጥጥ አይጨምሩ፤ ክሩ እግር ላይ ይጠመጠምና ደም ያስቆማል። ሥራው ከ15 ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ ለምን ረጠበ? የአራት ቀን ግልገሎች ሽንት ብቻውን ይህን ያህል አያረጥብም። ጣሪያው የሚያፈስ ካልሆነ እናቲቱ ሳጥኑን ሽንት ቤት አድርጋዋለች ማለት ነው። ይህ የሚመጣው ሳጥኑ ቀድሞ ሲገባ ወይም ዘወትር በምትሸናበት ጥግ ሲቀመጥ ነው። እርግዝናዋ 31 ቀን ገደማ ስለሆነ ሳጥኑን በ28ኛው ቀን ያስገቡ፣ ከሽንቷ ጥግ ያርቁት፤ የሳጥኑንም ወለል ስድስት ሰባት ቦታ በስተውት ያስገቡ።

ከእንግዲህ በየቀኑ እጅዎን ከሥር ሰድደው የረጠበውን ብቻ ያውጡ። ዓይናቸው ከ10 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ይገለጣል፤ ያኔ ጉዝጓዙን በሙሉ ይቀይሩ፤ ቆሻሻ ጭድ ዓይናቸውን ያመግላል። በ12ኛው ቀን ያልተገለጠ ዓይን ካለ ፈልቶ ለብ ባለ ውኃ በቀስታ ይጥረጉት።

ጥያቄ፦ ከቡና መፈልፈያ ገለባ በነጻ አገኛለሁ። ለጥንቸሎቼ ጉዝጓዝ ይሆናል? ካልሆነስ ሰጋቱራ?

መልስ፦ ገለባው አይሆንም። ለጅማ ሰው የሚያሳዝን መልስ ነው፤ በየመፈልፈያው ደጃፍ ተቆልሎ የሚታየው እሱ ነውና። ነገር ግን የቡና ገለባ ካፌይንና ታኒን አለው፣ ጥንቸል ደግሞ የተነጠፈላትን ሁሉ ትቀምሳለች፤ ግልገሎቹም ሦስተኛ ሳምንታቸው ላይ መቆርጠም ይጀምራሉ። እርጥበት ሲያገኝም ቶሎ ይሻግታል። ከጥንቸሎቹ ፋንድያ ጋር ቀላቅለው ኮምፖስት ቢያደርጉት ይሻላል።

ሰጋቱራ ለትልልቆቹ ይሆናል፤ ደቃቁ ሳይሆን ከመላጊያ የሚወጣው ሸካራው። የጅማ በርጩማ ከሚሠሩ አናጢዎች ሲወስዱ ምን እንጨት እንደተላገ ይጠይቁ። የኮምፔንሳቶና የኤም ዲ ኤፍ ብናኝ ሙጫ ስላለበት፣ ጥድም ሽታው ስለሚበረታ ይቅሩ። በመውለጃ ሳጥን ውስጥ ግን ሰጋቱራ ከላይ አይሁን፤ ብናኙ አፍንጫቸው ውስጥ ይገባል።

ከሁሉ የጤፍ ጭድ ይሻላል። ለጭቃ ቤት የሚሸጠውን ዝናቡ ሳይጠና ገዝተው በጆንያ ከመሬት አንሥተው ይስቀሉ። ሲያራግፉት ግራጫ አቧራ ከቦነነ ወይም የምድር ቤት ሽታ ካለው ሻግቷልና አይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ ድመታችን ቁም ሣጥን ውስጥ ወለደች። ጨርቁን ስንቀይር ልጆቿን ይዛ እንዳትጠፋ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ለመብላት ወይም ለመጸዳዳት ስትወጣ ከወሊዱ በኋላ የረጠበውን ጨርቅ ያንሡት። አዲሱን ከአሮጌው አጠገብ አንጥፈው ልጆቹን ያሸጋግሩ፤ ከአሮጌው ደረቅ ቁራጭ ይተዉላት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የልጆቿን ሽንትና ዓይነ ምድር ራሷ እየላሰች ስለምታጸዳ፣ ካልቆሸሸ በየሁለት ሦስት ቀኑ መቀየር ይበቃል። ፎጣ አይጠቀሙ፤ የክሩ ቀለበት ጥፍራቸውን ይይዛል።

ቁንጫ ካለ ጨርቁን ቀቅለው ያጥቡ፤ የተባይ ዱቄት አይነስንሱ። ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒት ድመትን ይገድላል፤ በኬሚካል የተነከረ አሮጌ አጎበርም ለጉዝጓዝ አይሆንም። ነፍሰ ጡር በቤት ካለች የእናት ድመትን ዓይነ ምድር ሌላ ሰው በየቀኑ ያውጣው፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተውሳክ ካለበት ከአንድ ቀን በላይ ሲቆይ ሰው ላይ የመተላለፍ አቅም ያገኛል።