ስለ ቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ፦ የጅማ አባላት ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በጅማ የሙዚቃ ወዳጆች ስብስባችን፣ በአሜሪካ ስለሚገኘው የሙዚቃ አዳራሽ፣ ስለ ቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ፣ ባደረግኩት ገለጻ ሰዓት አልቆ ያልተመለሱትን ጥያቄዎች እዚህ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ከስመ ጥር አዳራሾች ሁሉ ይህን ለምን መረጡ?

መልስ፦ ከእሱ በፊት የተሠሩት ጥሩ አዳራሾች ጥሩ የሆኑት በግንበኞቻቸው ልምድና አንዳንዴም በአጋጣሚ ነበር። ጥቅምት 5 ቀን 1893 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ አዳራሽ ግን ከመገንባቱ በፊት ድምፁ በፊዚክስ ስሌት የተጠና ነው። ስሌቱን የሠራው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሳቢን ነበር።

ጥያቄ፦ ሳቢን ቀመሩን ያገኘው እንዴት ነው?

መልስ፦ በዩኒቨርሲቲው አንድ የመማሪያ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ከምንጩ ከተቋረጠ በኋላ ለ5 ሰከንድ ተኩል ያህል ይቆይ ስለነበር የመምህሩ ቃላት እርስ በርስ እየተደራረቡ ተማሪው የሚሰማው ነገር አልነበረም። ሳቢን ችግሩን እንዲፈታ በታዘዘ ጊዜ፣ ሌሊት ሌሊት ከአቅራቢያው ቴአትር ቤት የወንበር ትራስ እያስመጣ፣ የኦርጋን ቧንቧ እያስጮኸ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ያለውን ጊዜ በሰዓት ይለካ ነበር። ትራሱ በጨመረ ቁጥር ቆይታው አጠረ። ከዚህ የወጣው ሕግ እስካሁን ይሠራል፦ የቆይታው ጊዜ በሰከንድ፣ የክፍሉ ይዘት በኪዩቢክ ሜትር በ0.16 ተባዝቶ፣ ድምፅ ለሚውጠው ስፋት በካሬ ሜትር ሲካፈል ነው። ይህ ስፋት የግድግዳው ሙሉ ስፋት ሳይሆን፣ የደረሰበትን ድምፅ ሁሉ እንደሚውጥ ገጽ ተደርጎ የሚቆጠረው ያህል ነው።

ጥያቄ፦ ድምፁን ያሳመረው ያረጀ እንጨት ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ይህ ደጋግሞ የሚነገር፣ እኔ ግን የማልቀበለው ግምት ነው። ግድግዳው በአብዛኛው ልስን ነው። ዋናው ምክንያት ቅርጹ ይመስለኛል፦ ወርዱ 23 ሜትር፣ ቁመቱ 18 ሜትር ተኩል ያህል፣ ከመድረኩ ፊት እስከ ኋላ ግድግዳ 38 ሜትር ስለሆነ፣ ከጎን ግድግዳዎች የሚመለሰው ድምፅ በቀጥታ ከመድረክ የመጣውን ወዲያው ተከትሎ ከአድማጩ ጆሮ ይደርሳል። በላይኛው ግድግዳ ላይ ያሉት 16 ሐውልቶችም ድምፁን ይበትኑታል። አዳራሹ ሰው ሲሞላ ቆይታው ከ2 ሰከንድ በጥቂቱ ያንሳል፤ ይህም ለሲምፎኒ የሚመች፣ ለንግግር ግን የሚበዛ ነው።

ጥያቄ፦ ሲከፈት ሁሉም ወደደው?

መልስ፦ የለም፤ የነቀፉት ሐያስያን ነበሩ።

ጥያቄ፦ በሂርማታ በኩል ያለው የስብሰባ አዳራሻችን ባዶ ሲሆን ያስተጋባል፣ ሰው ሲገባ ግን ይሻላል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ልኬቱን ስላልጻፉልኝ በምሳሌ ላስረዳ። 20 ሜትር ርዝመት፣ 10 ሜትር ወርድና 6 ሜትር ቁመት ያለው፣ ሁለመናው ሲሚንቶ የሆነ አዳራሽ 1,200 ኪዩቢክ ሜትር ይይዛል፤ ሲሚንቶው ግን የሚውጠው 15 ካሬ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ቆይታው ወደ 13 ሰከንድ ይጠጋል። አንድ የተቀመጠ ሰው በግምት ግማሽ ካሬ ሜትር ስለሚውጥ፣ 200 ሰው ሲገባ ቆይታው ወደ 1.7 ሰከንድ ይወርዳል። ለንግግር 1 ሰከንድ ለማድረስ በኋላና በጎን ግድግዳዎች ላይ 150 ካሬ ሜትር ያህል ወፍራም፣ እጥፋት የበዛበት መጋረጃ ያስፈልጋል። ስስ መጋረጃ ገንዘብ ማባከን ነው።

ጥያቄ፦ መጋረጃው በክረምት ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን የዝናብ ጩኸትስ ያስቀርልናል?

መልስ፦ አያስቀርም። መጋረጃ የሚያሳጥረው በውስጥ ያለውን ድምፅ ቆይታ ነው፤ ከውጭ የሚገባውን የሚያግደው ክብደት ነው። ከቆርቆሮው በታች ክፍተት ትቶ ከባድ ኮርኒስ መሥራት፣ በመካከሉም የመስታወት ሱፍ ማንጠፍ ይሻላል። በጀቱ ለአንዱ ብቻ ከበቃ፣ እንደ ጅማ ዝናብ በሚበዛበት አገር ኮርኒሱን አስቀድሙ።