ካሜራ እንጀራ ይሆናል ወይ? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ፎቶ ማንሳት በትርፍ ሰዓት ጀምራችሁ ወደ ሥራ ማዞር ለምትፈልጉ ጥያቄ ላኩ ብዬ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። እኔ የምኖረው በሠርግ፣ በክርስትናና በምርቃት ስለሆነ መልሴም ከዚያው ሰፈር ነው።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ካሜራ የለኝም፣ በስልክ ነው የማነሳው። ያየ ሁሉ ጎበዝ ነህ ይለኛል። በስልክ ይጀመራል?

ለመማር በደንብ ይጀመራል። ስልክ ብርሃን ያስተምርሃል። እናትህ ቡና ስታፈላ አምፖሉን አጥፋና መጋረጃውን ግለጥ። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ የጀበናው እንፋሎት ይታያል፣ ፊቷም ቅርጽ ያወጣል። ከዚያ መስኮቱን ከጀርባዋ አድርገህ ድገመው። ለክፍያ ከሆነ ግን ማታ አዳራሽ ውስጥ ስልክ አቅም ያንሰዋል።

"ጎበዝ ነህ" የሚሉህ ዘመዶችህ ከሆኑ አመስግነህ እለፈው። ሳያውቅህ ከፍሎ፣ በኋላ የእህቱን ሠርግ ይዞ የሚመለስ ሰው ነው መለኪያው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ካሜራ ልግዛ ወይስ አጠራቅሜ አዲስ?

ያገለገለ ግዛ። የሹተር ቆጠራውን፣ ማለትም እስካሁን ስንት ጊዜ እንደተነሳበት፣ ሳታይ ግን ብር አታውጣ። ለጀማሪ የሚሠሩ ካሜራዎች ብዙ ጊዜ የሚገመትላቸው ዕድሜ ወደ 100 ሺህ ምት ገደማ ነው። ሌንሱንም ወደ ብርሃን አዙረህ እይ፤ ውስጡ ድር የመሰለ ሻጋታ ካለ ተወው። ባለ 50 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 1.8 ሌንስ ፈልግ (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ብርሃን ያስገባል)። ከሌሎቹ ረከስ ይላል፣ ጨለማም ይችላል።

ጥያቄ፦ የአክስቴን ልጅ ሠርግ አነሳሁ። ቬሎው አማረ፣ የሙሽሮቹ ፊት ግን ጠቆረ። ጭፈራውም ደብዝዟል። ተሰጥኦ የለኝም ማለት ነው?

ኧረ ተሰጥኦን እዚህ ውስጥ አታስገባው። የተሸወደው ካሜራው ነው። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። ቬሎ፣ ነጠላና ነጭ ካባ ሲሞላበት "ብርሃኑ በዛ" ብሎ ይቀንሳል። ያኔ ጠይም ፊት ይጨልማል። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ወደ መደመር አንድ ገደማ ውሰዳት። ከዚያ ስክሪኑን አጉልተህ የካባው ጥልፍ ነጭ በነጭ ሆኖ እንዳልጠፋ እይ። ጠፍቶ ከሆነ ትንሽ መልሳት። በሮው ፋይል (ካሜራው ያየውን ሳያቀናብር በሚያስቀምጥበት) ካነሳህ ደግሞ ቤት ገብተህ የምታስተካክልበት ቦታ ይኖርሃል።

ጭፈራውን በተመለከተ፣ በ1/60 ሴኮንድ የሹተር ፍጥነት እስክስታ አይያዝም። ትከሻ ከዚያ ይፈጥናል። 1/250 አድርገውና አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሱነት፣ ከፍ አድርግ። ፎቶው ትንሽ አሸዋ አሸዋ ቢል ማንም አይመልስብህም። የሙሽራው እናት ስትጨፍር ደብዝዛ ከወጣች ግን ያንን ቀን የሚደግምልህ የለም።

ሰው ጽናት ሲባል የሚመስለው ሳያቋርጡ ማንሳት ነው። እኔ አይመስለኝም። የቅዳሜውን ሠርግ ሰኞ ከፍተህ የተበላሹትን አንድ በአንድ እያየህ "ይሄ ለምን ሆነ?" ስትል ነው እጅህ የሚሻሻለው። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ፍቅሩ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው፤ ካሜራ አንጠልጥሎ መዞርማ ማንም ይወደዋል።

ጥያቄ (ከሪያድ)፦ ሰው ቤት ነው የምሠራው። በእረፍቴ ቀን የጓደኞቼን ፎቶ አነሳለሁ። አገሬ ስገባ ሥራ ላደርገው አስባለሁ። ሕልም ብቻ ይሆን?

ሕልም ብቻ አይደለም እህቴ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር፦ እዚያ አገር ሰውን ሳያስፈቅዱ ማንሳት በሕግ ያስጠይቃል። አሠሪዎችሽን፣ ልጆቻቸውንና ቤታቸውን ጨርሶ እንዳታነሺ። ጓደኞችሽንም ፈቅደውልሽ፣ ፎቶው የት እንደሚለጠፍ ተነጋግራችሁ አንሺ።

ካሜራ አሁን ገዝተሽ ሻንጣ ውስጥ አታስቀምጪ። መግቢያሽ ሲደርስ ግዢው። እስከዚያ ላይትሩም የሚባለውን የፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያ ስልክሽ ላይ ጫኚና ኤዲቲንግ ተለማመጂ። አዲስ አበባ ውስጥ ማንሳት የሚችል ሞልቷል፤ አንድ ዓይነት ቀለም ጠብቆ በቀጠሮው የሚያስረክብ ነው የሚፈለገው።

ጥያቄ፦ ዋጋ እንዴት ልተምን? ጓደኞቼ በነፃ ይፈልጋሉ።

የምታነሳበትን ቀን ብቻ አትቁጠር። ኤዲቲንግ የሚወስደውን ቀን፣ ትራንስፖርት፣ የረዳት አበልና የካሜራውን ማርጀት ደምር። ቀብድ ሳትቀበል ቀን አትያዝ። ስንት ፎቶ፣ ስንት ገጽ አልበም፣ መቼ እንደምታስረክብ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ለጓደኛ ከሆነ ወይ ሙሉውን ስጦታ አድርገው፣ ወይ ሙሉውን አስከፍል። "የምትችለውን ስጠኝ" የምትለዋ ነገር ናት ጓደኛም ገንዘብም የምታሳጣው።

ጥያቄ፦ በጾም ወራት ሥራ ይጠፋል። ሁለት ጊዜ ላቆም ነበር።

ይሄ የሁላችንም ነው። ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ እንቅልፍ የለም፤ በዓቢይ ጾም 55 ቀን ደግሞ የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም። ፍልሰታም አለች። ስለዚህ ገቢህን በሠርግ ብቻ አታንጠልጥል። ክርስትና ጾም አይጠብቅም፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ትነሳለች። ኒካህም በዚህ አቆጣጠር አይሄድም። በቴሌግራም ልብስና ጫማ የሚሸጡ ሰዎች ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የዕቃ ፎቶ ይፈልጋሉ፣ አብዛኞቹ ጋ ያለው ፎቶ ያሳዝናል። ሂድና የአንዱን ዕቃ አንስተህ አሳየው።

ጥያቄ (ከአንዲት እናት)፦ ልጄ ዩኒቨርሲቲውን ትቶ ካሜራ ይዞ መዞር አምሮታል። ምን ልበለው?

እማማ፣ ትምህርቱን ይጨርስ ይበሉት። ካሜራው አይሸሽም። የሥራ ፈት ሙያ ነው ብለው ግን አይስጉ። ቦያጂያን የሚባሉት አርመኖች አባትና ልጆች የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ሆነው ኖረዋል። በኋላ ሽመልስ ደስታ የአፄ ኃይለ ሥላሴን ፎቶ በማንሳት ታወቀ። አይዳ ሙሉነህን ይዩ፤ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተምራ፣ ዋሽንግተን ፖስት ላይ ሠርታ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ ፎቶ ፌስትን አዲስ አበባ ላይ መሠረተች። እሷም ትምህርቷን አልተወችም፤ ይህንን ይንገሩልኝ።

ጥያቄ፦ ያነሳኋትን ሙሽራ ፎቶ ለማስታወቂያ ብለጥፍስ?

ካልፈቀደች አትለጥፍ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይላል። ውሉ ላይ አንድ መስመር ጨምርበትና አስፈርም። እንቢ ካለች እንቢ ነው፤ ቅር አይበልህ።

አጫጭሮቹ

ፎቶ ቢጠፋስ? የዚያኑ ማታ ሳትተኛ ሁለት ቦታ ገልብጥ። አልበሙ እስኪረከብ ሜሞሪ ካርዱን አታጥፋ።

ድሮን ላስነሳ? ያለ ፈቃድ አትሞክረው።

ፎቶው ላይ ሎጎ ላድርግ? አድርግ፣ ትንሽ፣ ጥግ ላይ። የሙሽራው አገጭ ላይ የተለጠፈ አይቻለሁና ነው።