ቡታጋዝ በመንዝ ብርድ ለምን ይደክማል?

ከመሐል ሜዳ የጻፉልኝ እህት ትንሽ ቁርስ ቤት አላቸው። ጥያቄያቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቡታጋዙን ስለኩሰው ደህና ይነዳል፤ ፉሉ ሳይሞቅ ግን ይደክማል። ሲሊንደሩን ስነቀንቀው ትንሽ ነፍስ ይዘራና ተመልሶ ያንቀላፋል። እሳቱም ቢጫ ነው፤ ድስቴን ጥላሸት አልብሶታል። ባቄላውም አልበስል ብሎኛል። ሸዋ ሮቢት ያለችው እህቴ ከዚያው ሻጭ እየገዛች እንዲህ ያለ ነገር አላየችም። አታሎኝ ይሆን? አንድ ጠጋኝ ደግሞ የምድጃውን የጋዝ ቀዳዳ በመርፌ ላስፋልሽ ብሎኛል።»

መርፌው ለጊዜው ይቆይልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የሻጩን ነገር ሚዛን ይፍታው። ሲሊንደሩ አንገት አካባቢ ባዶ ክብደቱ ተቀርጿል። ሞልቶ ሲመጣ ይመዝኑት፣ ባዶውን ይቀንሱ። የ12.5 ኪሎ ነው ተብሎ ተሽጦልዎት 9 ከወጣ ተታለዋል። ልክ ከሆነ ግን ሰውየውን አይውቀሱት፤ ጥፋቱ የብርዱ ነው።

ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው፤ ሲወዘውዙት ሲንቦጫቦጭ ይሰማዎታል። ምድጃው ጋ የሚደርሰው ከፈሳሹ የተነነው ብቻ ነው። ፈሳሹ ደግሞ በአብዛኛው የሁለት ወንድማማቾች ቅልቅል ነው፤ ፕሮፔንና ቡቴን። ልጆችዎ ትምህርት ቤት አልኬን እያሉ የሚማሩት ቤተሰብ ነው፤ ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ። ካርቦኑ በበዛ ቁጥር ለመትነን ይለግማል። ባለ 1 ካርቦኑ ሚቴን ጋዝ ነው፤ ነጭ ጋዝና ናፍጣ ፈሳሽ ናቸው፤ ከ20 ካርቦን በላይ ሲሆን ሻማ ሆኖ ይረጋል። ፕሮፔን 3 ካርቦን አለው፤ በባሕር ጠለል ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ የመንዝ ውርጭ ለእሱ በጋ ነው። 4 ካርቦን ያለው ቡቴን ግን የሚፈላው ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። እርግጥ እናንተ ጋ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ሳስቶ ከዜሮ በታች 10 ገደማም ላይ ይፈላል፤ እዚህ ላይ እንኳ ከፍታው ያግዝዎታል።

ታዲያ ለምን ይደክማል? ሲተን ራሱን ስለሚያቀዘቅዝ ነው። ነገ ጠዋት ምድጃው ሩብ ሰዓት ከነደደ በኋላ ሲሊንደሩን ከላይ ወደ ታች በመዳፍዎ ይዳብሱት። የሆነ ቦታ ላይ ሲደርሱ ብረቱ ድንገት ይበርዳል፤ ከዚያ በታች ያልበዋል፣ አንዳንዴም አመዳይ ይይዛል። ያ መስመር የፈሳሹ ልክ ነው። ሌሊቱን በውርጭ ያደረ ሲሊንደር ላይ ይህ ሲጨመርበት ትነቱ ከምድጃው ፍላጎት ያንሳል። ሲነቀንቁት ፈሳሹ ከመስመሩ በላይ ያለውን ሞቅ ያለ ብረት ስለሚነካ ለጥቂት ደቂቃ ይነሣል። ደግሞም ቀድሞ ተንኖ የሚያልቀው ፕሮፔኑ ነውና ሲሊንደሩ ወደ ማለቂያው ሲሆን የሚቀርዎት በአብዛኛው ቡቴን ነው። እህትዎ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለ ቆላ ተቀምጣ ይህን ከየት ታየዋለች?

መፍትሔው ብዙ ወጪ የለውም። ሲሊንደሩን ከሲሚንቶው ወለል አንሥተው ጣውላ ላይ ያቁሙት፤ ውርጭ የማያገኘው፣ ነፋስ ግን የሚገባበት ቦታ ይደር፤ መኝታ ክፍል ግን አይደር። ጠዋት ለብ ያለ ውኃ፣ እጅ ሊነክሩበት የሚችሉት ዓይነት፣ ሳፋ ውስጥ አድርገው ያቁሙበት። ሥራው ከበዛ ሁለት ሲሊንደር እያፈራረቁ ይጠቀሙ። አጋድመው አይጠቀሙ፤ በጋዝ ፈንታ ፈሳሹ ይወጣል። ከሰል ማንደጃ ደግሞ በጭራሽ እንዳያስጠጉት። ይህን የምለው ያደረግሁት ስለሆነ ነው። ደብረ ብርሃን በኅዳር ብርድ ሰርግ ቤት ሆኜ አስጠግቼው፣ ቀለሙ ሲያኮርፍ አይቼ ነው የነቃሁት። እግዜር አወጣኝ እንጂ የሠርገኛው ድንኳን ነበር የሚሄደው።

አሁን ወደ ቢጫው እሳት። አንድ እጅ ፕሮፔን በደንብ ለመንደድ 5 እጅ ኦክስጅን፣ ወደ 24 እጅ አየር ማለት ነው፣ ይፈልጋል። ቡቴን 6 ተኩል እጅ ኦክስጅን፣ ከ30 እጅ በላይ አየር። የሚበቃውን ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድና እንፋሎት ሆኖ ያልቃል፣ እሳቱም ሰማያዊ ይሆናል። ሲያንሰው የተረፈው ካርቦን እየጋለ ቢጫ ያበራል፤ ድስትዎ ላይ የተለጠፈው ጥላሸት እሱው ነው። እናንተ ጋ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር በሲሶ ገደማ የሳሳ ነው። ጠጋኙ ቀዳዳውን ቢያሰፋ ጋዙ ይጨምራል እንጂ አየሩ አይጨምርም፤ ጥላሸቱ ይብሳል። ለከፍታ አገር የሚስማማው እንዲያውም ጠበብ ያለ ቀዳዳ ነው። ይልቅ የማንደጃውን ክዳን አንሥተው ከሥሩ ያለውን ቱቦ በብሩሽ ይጥረጉት፤ የገነፈለ ሽሮና ዘይት ደርቆ አየሩን ዘግቶ አገኘዋለሁ፣ አሥር ጊዜ ሳይሆን መቶ ጊዜ። ቱቦው አንገት ላይ የሚዞር የአየር በር ካለው እሳቱ ሰማያዊ እስኪሆን ቀስ እያሉ ይክፈቱት።

ቢጫ እሳት እያለ ለብርዱ ብለው በርና መስኮት እንዳይዘጉ። ያልተቃጠለው ካርቦን ጥላሸት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የከሰል ጢስ ሰው የሚገድልበት ሽታ የሌለው ጋዝም ይሆናል።

ጎማውንም ይዩት። አልኬኖች ለአሲድ እንኳ የማይበገሩ ዝምተኞች ናቸው፣ ብረቱንም አይበሉትም፤ ተራ ጎማን ግን ያሳብጡታል። የውኃ ጎማ ቀጥለው ከሆነ ዛሬውኑ ለጋዝ በተሠራው ይለውጡት፤ መገጣጠሚያውንም በሳሙና አረፋ እንጂ በክብሪት አይፈትሹ። የሚሸትዎት ጋዙ ሳይሆን ሆን ተብሎ የተጨመረበት ማሽተቻ ነው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ከሸተተ በሩን ከፍተው ወደ ውጭ ይጥረጉት፣ መብራት አይንኩ።

ባቄላው አልበስል አለ ያሉት ግን የጋዙም የምድጃውም ጥፋት አይደለም። መሐል ሜዳ ላይ ውኃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ከዚያ ወዲያ እሳት ቢጨምሩበት ይተናል እንጂ አይሞቅም። ለባቄላው ፕሬዠር ድስት ይግዙለት።