ዳይኖሰሩ ለምን ተኛ? የኬክ ማስዋብ ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ኬክ ሙያዬ አይደለም ግን የልጆቼን የልደት ኬክ ቪዲዮ እያየሁ ራሴ ነው የምሰራው። ሰሞኑን ትንሹ ልጄ 5 አመት ሲሞላው ጉድ ሆንኩላችሁ። ኬኩ ጥሩ ወጣ፣ ክሬሙን ስቀባው ግን ፍርፋሪው ሁሉ ላዩ ላይ ተለጠፈ፣ ትንሽ ቆይቶ ደሞ ክሬሙ በጎን በኩል እየተንሸራተተ ወረደ፣ በፎንዳንት፣ እንደ ሊጥ በሚቀረጸው የስኳር ማስዋቢያ፣ የሰራሁት ዳይኖሰርም ከፍሪጅ ሳወጣው አላበውና አንገቱ ዘመመ። ልጄ «ማሚ ዳይኖሰሩ ተኝቷል እንዴ?» አለኝ። እጄ ነው ችግሩ ወይስ ክሬሙ?

መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ ልጅሽን ሳሚልኝ። እጅሽ ምንም አላረገም፣ ሶስቱንም ያበላሸብሽ ሙቀትና ቅዝቃዜ ነው። ክሬሙ የሚሰራበት ቅቤ ከ30 ዲግሪ ብዙም ሳያልፍ ይቀልጣል፣ ከኦቨን የወጣ ኬክ ደሞ ውስጡ ወደ 100 ዲግሪ የሚጠጋ ነው፣ ላዩ በረደ ብለሽ ስትቀቢው መሀሉ ገና ትኩስ ስለሆነ ክሬሙን ከስር እያቀለጠ ይጥለዋል። ኬኩን ከነመጋገሪያው 10 ደቂቃ አቆይተሽ ገልብጪውና ሽቦ ላይ ቢያንስ 2 ሰአት ይቀመጥ፣ ከዛ መዳፍሽን ከስሩ አድርገሽ ንኪው፣ ለብ ካለሽ አልደረሰም። እኔ አሁን አሁን ማታ ጋግሬ ሲበርድ በፕላስቲክ ጠቅልዬ ፍሪጅ አሳድረዋለሁ፣ የቀዘቀዘ ኬክ ሲቀባም ሲቆረጥም ብዙ አይፈረፈርም።

ክሬሙን በተመለከተ ለ250 ግራም ቅቤ 500 ግራም የተፈጨ ስኳር በቂ ነው። ቅቤው ከ18 እስከ 20 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ነው የሚሻለው፣ ቴርሞሜትር ከሌለሽ በጣትሽ ጫን በይው፣ ጉድጓዱ ከቀረ ግን ቅቤው ካላብለጨለጨ ልክ ነው፣ ጣትሽ ስምጥ ካለ ሞቋል። ብቻውን 5 ደቂቃ ያህል ምቺው እስኪነጣ፣ ከዛ ስኳሩን በወንፊት ነፍተሽ ሁለት ሶስት ጊዜ ከፋፍለሽ ጨምሪ፣ ከጠነከረብሽ አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት። ከቀጠነ ደሞ ስኳር እንዳትጨምሪ! እኔ አንዴ ሲቀጥንብኝ እየጨመርኩ እየጨመርኩ ልጆቹ ክሬሙን በማንኪያ ፍቀው ኬኩን ብቻ በሉልኝ። ሳህኑን እንዳለ 20 ደቂቃ ፍሪጅ አስገቢውና ድጋሚ ምቺው፣ ይመለሳል።

ለፍርፋሪው መላው ሁለቴ መቀባት ነው። መጀመሪያ ስስ አድርገሽ፣ ኬኩ እንኳን በክሬሙ ውስጥ እስኪታይ፣ ፍርፋሪውን ማሰሪያ ብቻ እንዲሆን ትቀቢና 30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ይጠንክር፣ ዋናው ቅብ ከዛ በኋላ። ለመጀመሪያው ቅብ የሚሆነውን ክሬም በሌላ ሳህን ቀንሺ፣ አለበለዚያ ስፓቹላሽ ፍርፋሪውን እየወሰደ ዋናው ሳህን ውስጥ ይዘራዋል።

ዳይኖሰሩስ? ፎንዳንት ስኳር ነው። ከፍሪጅ ሲወጣ አየር ላይ ያለው እርጥበት ቀዝቃዛው ገላው ላይ ውሃ ሆኖ ይቀመጣል፣ ስኳሩ ያን ይመጠውና ይለሰልሳል፣ ያን ሰአት በፎጣ ልጥረግህ ካልሺው ቀለሙም አብሮ ይነሳል፣ ዝም ብለሽ ትንሽ ፋን ክፈቺለት። በሚቀጥለው ግን ፍሪጅ አታሳዪው፣ ከ2 ወይ 3 ቀን በፊት ሰርተሽ የበቆሎ ስታርች የተነሰነሰበት ካርቶን ላይ ክፍት አድርገሽ አድርቂው፣ ኬኩ ላይ የሚወጣው እንግዳ ሊገባ ሲል ነው። አንገቱ ውስጥ ያልተቀቀለ ፓስታ ሰብረሽ ክተቺበት፣ ስቴኪኒ አይሁን፣ ህጻን ሳያየው ይነክሰዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ 7 አመቷ ነው፣ ቀይ ኬክ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ቀለም ጨመርኩ ሮዝ ሆነ፣ ስጨምር ሮዝ፣ ጠርሙሱን ስጨርሰው ክሬሙ ተቆራረጠ። አባት ኬክ አይሰራም የሚሉኝን ላሳፍራቸው ነበር።

መልስ፦ ታሳፍራቸዋለህ ወንድሜ። ፈሳሹ ቀለም አብዛኛው ውሃ ነው፣ ውሃና ቅቤ ደሞ አይስማሙም፣ ለዛ ነው የተቆራረጠው። ጄል ቀለም፣ ወፍራሙን ማለቴ ነው፣ ግዛ፣ ጠንካራ ሮዝ ሲሆን አቁምና ክሬሙን ከድነህ አሳድረው፣ ቀለሙ በቆይታ እየደመቀ ነው የሚሄደው፣ ጠዋት ሌላ ክሬም ታገኛለህ። ትንሽ ካካዎ ቀድመህ ብትጨምርበትም ቀዩ ቶሎ ይጠልቃል። ጥቁር የሚጠይቁህ ቀንም በቸኮሌት ክሬም ጀምር እንጂ ነጩን ለማጥቆር አትድከም። ብቻ ኬኩን በሙሉ ቀይ ከቀባኸው የሁሉም እንግዳ ምላስና ጥርስ ቀይ ሆኖ ነው ፎቶ የሚነሳው፣ እኔ ብሆን ጎኑን ነጭ ትቼ ላዩን ብቻ ቀይ አረገው ነበር።

ጥያቄ፦ ለእጅ ስራ የምንጠቀምበት ብልጭልጭ ኬክ ላይ ይነሰነሳል? ማሸጊያው ላይ «መርዛማ አይደለም» ይላል።

መልስ፦ አይነሰነስም። መርዛማ አይደለም ማለት ይበላል ማለት አይደለም፣ የእጅ ስራው ብልጭልጭ ብዙ ጊዜ የተፈጨ ፕላስቲክ ነው። የሚበላው ማሸጊያው ላይ «ለምግብ የሚሆን» ይላል፣ ከምን እንደተሰራም ዝርዝሩ አለው፣ ዝርዝር ከሌለው ተይው። ያንቺን ብልጭልጭ ካርቶን ላይ በኮላ ለጥፊና የልጅሽን እድሜ ቁጥር ቁረጪበት፣ እንዳይረግፍ ላዩን በኮላ ድገሚው፣ ሲደርቅ ከኋላው ስትሮ አጣብቂና ስትሮው ብቻ ኬኩ ውስጥ ይግባ። ከመቆረጡ በፊት ነቅለሽ ለልጅሽ ስጪ፣ የኔዎቹ ኬኩ ካለቀ በኋላም ሳምንት ሙሉ እሱን ይዘው ነበር ሲዞሩ የከረሙት።