የማንን ስክሪፕት ላንብብ?

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቀን በሒሳብ ሠራተኝነት ተቀጥሬ እየሠራሁ ማታ ማታ የፊልም ድርሰት እጽፋለሁ፤ እስካሁን ወደ ፊልም የተቀየረልኝ ሥራ ግን የለም። ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት እንደ እኔው ጀማሪ ከሆኑ ሰባት ጸሐፊዎች ጋር በቴሌግራም ተሰባስበን አንዳችን የሌላችንን ስክሪፕት እያነበብን አስተያየት ልንሰጣጥ ተስማማን። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር። አሁን ግን በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ስክሪፕት ይላካል፤ የአንዱን አንብቤ የሌላውን ስተው ቅሬታ ይፈጠራል። እኔ የአራት ሰዎችን ሥራ አንብቤ ዝርዝር አስተያየት ስሰጥ፣ የእኔን ያነበበልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም «በጣም ቆንጆ ነው፣ በርቺ» ብሎ አለፈ። በዚያ ላይ ከአባላቱ አንዱ የአክስቴ ልጅ ነው። የሚጽፈው አይማርከኝም፤ እምቢ ለማለት ግን አፌን ይይዘኛል። ለመሆኑ የማንን ስክሪፕት ማንበብ እንዳለብኝ በምን ልወስን?

«ጀማሪዋ»፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የቡድናችሁ ቅሬታ ከሰዎቹ ጠባይ ይልቅ ከሒሳቡ የመነጨ ይመስለኛል፤ ሙያዎ ስለሆነ አብረን እናስላው። የአንድ ሙሉ ፊልም ስክሪፕት እንደ ልማዱ ከ90 እስከ 120 ገጽ ይሆናል። በእኔ ልምድ እንዲህ ያለውን ሥራ ሳያቋርጡ አንድ ጊዜ ለማንበብ ሁለት ሰዓት፣ ያጠራጠሩትን ትዕይንቶች ተመልሶ ለማየት አንድ ሰዓት፣ ለጸሐፊው የሚረባ አስተያየት አሰናድቶ ለመጻፍ ደግሞ ሌላ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል። ይህ አምስት ሰዓት ነው። እርስዎን ጨምሮ ስምንታችሁም አንዳንድ ስክሪፕት ብታቀርቡ፣ እያንዳንዱ አባል የሰባቱን ለማንበብ የ35 ሰዓት ዕዳ ይገባል ማለት ነው። ቀን ሠርቶ ማታ ለሚጽፍ ሰው ይህ ከራሱ ድርሰት ላይ የሚቆረስ የአንድ ወር ምሽት ነው። ስለዚህ «ሁላችንም የሁላችንንም እናነባለን» የሚለው ስምምነት ገና ሲፈረም የፈረሰ ነበር፤ ማንም በይፋ አልመረጠም እንጂ ሁሉም በየልቡ ሲመርጥ ቆይቷል።

በደብዳቤዎ ላይ እንደሚታየው እስካሁን የእርስዎን ምርጫ የመረጡልዎ ይሉኝታና ውለታ ናቸው። ውለታን አልንቅም፤ ብድር በምድር ነውና ያነበበልኝን ሰው ማንበብ የጨዋ ሰው ወግ ነው። ችግሩ ንባቡ እከክልኝ ልከክልህ ወደ መሆን ሲወርድ ነው። ዕዳውን ለመክፈል ብቻ የሚያነብ ሰው ዕዳው በትንሽ ዋጋ እንዲሰረዝለት ይፈልጋል፤ በመጪው ሳምንት የእሱ ተራ መሆኑን ስለሚያውቅም «ከገጽ 40 በኋላ ታሪኩ ጠፋብኝ» ብሎ ለመጻፍ አይደፍርም። «ቆንጆ ነው፣ በርቺ» የተባሉት አንባቢው ክፉ ስለሆነ ወይም ሥራዎ በእርግጥ ቆንጆ ስለሆነ ላይሆን ይችላል፤ ከዚያ የረከሰ መክፈያ ስላልነበረው ነው። እኔም ራሴ አንድ ጊዜ ይህንኑ አድርጌያለሁ። የቅርብ ወዳጄን ስክሪፕት ሦስተኛ ትዕይንት ላይ ሰልችቶኝ እያለ በአድናቆት ሸፍኜ መለስኩለት፤ እሱም በእኔ ቃል ተማምኖ አንድ ዓመት ሙሉ ያንኑ ቅጂ ይዞ በየፕሮዲዩሰሩ በር ሲንከራተት ከረመ። ያን ጊዜ እምቢ ብለው ኖሮ የሚያጣው የአንድ ቀን ደስታ ብቻ ነበር።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳይመስልዎት። ብዙ ጀማሪ የፊልም ጸሐፊዎች ባሉባት አሜሪካ ሰዎቹ ልዩ ልዩ ዘዴ ሞክረዋል። ተዋናዮቹ ማት ዴመንና ቤን አፍሌክ እ.ኤ.አ. በ2000 በጀመሩት «ፕሮጀክት ግሪንላይት» በተባለው ውድድር ከ7,000 በላይ ስክሪፕት ሲቀርብ፣ ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው የሌሎችን ሥራ እያነበቡ እንዲመዝኑ ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ተዋናዩ ኬቪን ስፔሲ ከባልደረባው ጋር ያቋቋመው «ትሪገር ስትሪት» የተባለው መድረክ ምርጫውን ጨርሶ ከጸሐፊው እጅ አወጣው፤ ሥራውን ማስነበብ የፈለገ ሰው በዕጣ የደረሰውን የሌላ ሰው ስክሪፕት አንብቦ ግምገማ መጻፍ ነበረበት። ዕጣ ወዳጅነትን አያውቅምና ለእከክልኝ ልከክልህ ጥሩ መድኃኒት ነው። ሆኖም የራሱ በሽታ አለው፤ ኮሜዲ ሲያነብ ፈገግ የማይለውን ሰው ከኮሜዲ ጸሐፊ ጋር ያገናኛል፤ ሳይወድ ያነበበውም ሰው ምሬቱን በግምገማው ላይ ያራግፋል። እንደ እናንተ ላለ የስምንት ሰው ቡድን ዕጣን በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ማንም ያልነካው ስክሪፕት ሲጠራቀም ብቻ እንድትጠቀሙበት እመክራለሁ።

ለእናንተ ይበልጥ የሚስማማ የሚመስለኝ ፍራንክሊን ሌናርድ የፈጠረው ዘዴ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2005 በአንድ የፊልም ኩባንያ ውስጥ ስክሪፕት እያነበበ የሚያስመርጥ ሠራተኛ ሳለ፣ ከሚደርሱት ሥራዎች መካከል የሚወደው ጥቂት መሆኑ ቢያሰለቸው፣ በሥራ ለሚያውቃቸው ባልደረቦቹ መልእክት ላከ፤ በዚያ ዓመት ካነበባችኋቸውና ገና ፊልም ካልሆኑት ስክሪፕቶች በጣም የወደዳችሁትን እስከ አሥር ድረስ ጻፉልኝ፣ እኔም አጠቃልዬ ለሁላችሁ እልካለሁ አላቸው። «ብላክ ሊስት» በመባል የሚታወቀው ዓመታዊ ዝርዝር የተወለደው እንዲህ ነው። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ማንም የራሱን ሥራ አለማሻሻጡ ነው፤ ሰው የሚጠቁመው ያነበበውን የሌላ ሰው ሥራ ነው። ቡድናችሁም በየወሩ እያንዳንዱ አባል የራሱ ያልሆነ፣ ጊዜ ቢያገኝ ደግሞ የሚያነበውን አንድ ስክሪፕት እንዲጠቁም ብታደርጉ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ የተጠቆመው ሥራ ያለ ልመና አንባቢ ያገኛል።

አሁን ወደ ራስዎ ምርጫ ልምጣ። አንድ ስክሪፕት ሲላክልኝ «ጥሩ ነው ወይ?» ብዬ አልጀምርም፤ ገና ሳላነበው ማወቅ አልችልምና። የምጠይቀው ለዚህ ሥራ እኔ ምን ልሰጠው እችላለሁ፣ እሱስ ለያዝኩት ድርሰት ምን ያስተምረኛል የሚለውን ነው። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ከሌለ አምስት ሰዓቱ ለሁለታችንም ይባክናል። ይህን ለመለየት የምጠቀምበት ዋናው መንገድ ቃል ከመግባቴ በፊት የመጀመሪያዎቹን አሥር ገጾች ማንበብ ነው። አሥር ገጽ ከሩብ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ጸሐፊው ትዕይንት መክፈትና መዝጋት መቻሉን፣ ገጸ ባሕርያቱ በየራሳቸው አንደበት መናገራቸውን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ከዚያስ?» ብዬ ገጹን መግለጤን ያሳየኛል። አሥሩን ገጽ ያለ ችግር ካለፍኩ ሙሉውን ለማንበብ ቀን ቆርጬ እነግረዋለሁ። ካላለፍኩ ያቆምኩበትን ገጽና ምክንያቱን በሁለት መስመር ጽፌ እልክለታለሁ፤ ይህም ራሱ ለጸሐፊው ከአንድ ገጽ ምስጋና የበለጠ ስጦታ ነው፤ ምክንያቱም ማንኛውም ፕሮዲዩሰር እዚያው ቦታ ላይ ሊያቆም እንደሚችል ያውቃል።

ጀማሪዎች ከእነሱ እጅግ የተሻሉ ጸሐፊዎችን ብቻ ለማንበብ ሲሻሙ አያለሁ። የተዋጣለትን ስክሪፕት ማንበብ ግዴታ ነው፤ አስተያየት በመስጠት ግን ከእሱ ብዙ አይማሩም፤ የተጠረበ ድንጋይ መዶሻው የት እንዳረፈ አያሳይምና። እኔ አብልጬ የተማርኩት የእኔው ሕመም ካለበት ሥራ ነው። የእርስዎ ችግር ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ታሪኩ መድከሙ ከሆነ፣ በዚያው የሚቸገር ሰው ፈልገው ያንብቡ። በራስዎ ገጽ ላይ አልታይ ያለዎት ስሕተት በሰው ገጽ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታይዎታል፤ ለምን እንደሆነ ለእሱ ለማስረዳት ሲታገሉ ለራስዎም መፍትሔውን ያገኙታል። በዘውግም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ በፍቅር ፊልም የሚስቅ ሰው የፍቅር ስክሪፕት አይቀበል፤ ባያነበው ይሻላል።

ርዝመትን በተመለከተ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ» የሚለው ስሌት የመጣው ኩሪየር በተባለው፣ እያንዳንዱ ፊደል እኩል ቦታ በሚይዝበት ባለ 12 ነጥብ የላቲን ፊደል ከሚጻፍ ስክሪፕት ነው። የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ስለሚያስር አንድ የአማርኛ ገጽ ብዙ ምልልስ ይሸከማል፤ ጸሐፊው ፊደሉን አሳንሶ መስመሩን ካጠጋጋው ደግሞ «80 ገጽ ብቻ ነው» የተባሉት ሥራ ሰፋ ያለ ቀጠሮ ሊፈልግ ይችላል። ቃል ከመግባትዎ በፊት አንዱን ገጽ ድምፅ አውጥተው እያነበቡ በስልክዎ ሰዓት ይለኩት።

ያነበቡትን በምን መልክ እንደሚጽፉም ይጠንቀቁ። በሆሊውድ ለስቱዲዮ የሚያነብ ሠራተኛ ስክሪፕቱን አይመርጥም፤ ይሰጠዋል። ታሪኩን አሳጥሮ፣ አስተያየቱን አክሎ፣ መጨረሻ ላይ «ይለፈን»፣ «ይታሰብበት» ወይም «ይወሰድ» የሚል ፍርድ ያኖርበታል። ጀማሪዎች ይህን ፍርድ ሲኮርጁ ይታያሉ፤ ያ ዘገባ ግን የሚጻፈው ለአለቃው ነው፣ ጸሐፊው ላያየውም ይችላል። የእርስዎ አንባቢ ራሱ ጸሐፊው ስለሆነ ፍርዱ አይጠቅመውም፤ የት እንደሳቁ፣ የት ግራ እንደተጋቡ፣ የት ስልክዎን እንዳነሡ ይንገሩት።

የአክስትዎ ልጅ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል፤ ሥራውን ቢተቹ ወሬው ቡና ላይ ከአክስትዎ ዘንድ መድረሱ አይቀርምና። ያም ሆኖ ዝም ብሎ ማዘግየት ከእምቢታ የባሰ ያስቀይማል። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን «ወንድሜ፣ በዚህ ወር የምችለው አሥር ገጽ ማንበብ ነው፤ ከስክሪፕትህ በጣም ያስቸገረህን ክፍል አንተው መርጠህ ላክልኝ» እለው ነበር። አሥር ገጽ የሥጋ ዝምድናን ወግ ይሞላል። የሚያስቸግረውን ክፍል መምረጥ ካቃተው ደግሞ የሚፈልገው አስተያየት ሳይሆን ምርቃት ነውና፣ «በርታ» ብለው ቢመርቁት ማንም አይጎዳም።

የእርስዎን ሥራ አለመነበብ በተመለከተም እንዲሁ ራስዎን በመራጩ ቦታ አስቀምጠው ይዩት። «እባካችሁ አንብቡልኝ» ከሚል መልእክት ጋር የተላከ የ110 ገጽ ፋይል ለማንም ሸክም ነው። ከፋይሉ በፊት ታሪኩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ይግለጹ፤ ስንተኛ ቅጂ እንደሆነ ይጻፉ፤ ከዚያም አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፤ ለምሳሌ «እናትየው ቤቱን የምትሸጥበት ምክንያት ያሳምናል ወይ?» ብለው። ለሰባቱም በአንድ ላይ ከመለጠፍም ለዚያ ጥያቄ ይመልሳል ብለው ለሚያምኑት ለአንዱ ወይም ለሁለቱ በስም ይላኩ። ለሁሉም የተላከ ነገር ለማንም አልተላከም።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ስክሪፕቴን ለማላውቀው ሰው ማስነበብ እፈራለሁ። ሐሳቤን ቢሰርቁኝስ? የሚያነብልኝን ሰው በእምነት ብቻ ልምረጥ?

አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ወጥ የሆነና በጽሑፍ የሰፈረ ድርሰት ጥበቃ የሚያገኘው ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ለጥበቃው ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። አዋጁ ሐሳብን ብቻውን ግን አይጠብቅም። «ሁለት ወንድማማቾች በአንዲት ሴት ይጣላሉ» የሚለው ሐሳብ የማንም ነው፤ እርስዎ የጻፏቸው ትዕይንቶችና ምልልሶች ግን የእርስዎ ናቸው። ስለዚህ ስጋትዎ የሚያይለው ያልተጻፈ ሐሳብዎን ካፌ ቁጭ ብለው ለሁሉም ሲያወሩ እንጂ የተጠናቀቀ ስክሪፕት ለአንድ ሰው ሲሰጡ አይደለም። ለማያውቁት ሰው ሲሰጡ ከዚህ በፊት ያነበበላቸውን ሁለት ጸሐፊዎች ይጠይቁ፤ ስክሪፕቱን ቀኑ በሚታይ ኢሜይል ይላኩ፤ የቀድሞ ቅጂዎችዎንም አያጥፉ። ከዚያ በላይ ማስረጃ ከፈለጉ ሥራዎን በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ይችላሉ።